ቡችላችሁን አዲስ ምግብ ስታስጀምሩ ሆዱን አታስደንግጡት

ሰላም ሰላም ጀመዓ! እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ድሬም ደህና ናት፣ ሙቀቷ እንደምታውቁት ነው። ከኋላዬ የሚንጫጫው ቬንትሌተር ነው፣ ይቅርታ፣ አጥፋው እንዳትሉኝ፣ ካጠፋሁት ቪዲዮው ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ።

ዛሬ ስለ ቡችላ ምግብ ነው። ቡችላ አምጥታችኋል፣ የተወለደበት ቤት የለመደው እንጀራ በመረቅ ነው፣ እናንተ ደግሞ ዘምናችሁ ደረቁን የቡችላ ምግብ በከረጢት አስመጥታችኋል፣ ወይ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ልትቀይሩ ነው። እንዴት ነው የሚቀየረው? ቀስ ብሎ። አለቀ፣ ቻው! ... ቀልዴን ነው፣ ቁጭ በሉ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከወለል ላይ ነው። ቦቢን የወሰድኩት ከጎረቤታችን ከአንዲት እማማ ነው፣ እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ እንጀራ በመረቅ አርሼ ነው የማበላው፣ ቶሎ እንዳትቀይርበት» ብለውኝ ነበር። የምሰማ መስሏችሁ? የዛኑ ማታ ደረቁን ምግብ ሳህኑን ሞልቼ ሰጠሁት፣ ጠራርጎ በላው፣ እኔም ወደደው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ በባዶ እግሬ ተነሳሁ... ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ምሳ እየበላችሁ የምታዩ አላችሁ። ጠዋት እማማ ወለሉን ሳጥብ አይተውኝ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው ሳቁ፣ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

አፍ ሌላ ሆድ ሌላ ነው አቦ። አፉ ወደደው ማለት ሆዱ ቻለው ማለት አይደለም።

እስቲ በባቡር ላስረዳችሁ። የድሬ ልጅ ሁሉን ነገር በባቡር ነው የሚያስረዳው፣ ምን ላድርግ፣ ከተማዋ ራሷ ባቡር የወለዳት ናት፣ በ1895 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው ድሬ ድሬ የሆነችው። እና የድሮውን ለገሃር አስቡት፣ ወርክሾፑን። እዚያ 30 ዓመት የሠራ አንድ አባባ አሉ እንበል፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ብቻ የቱ ብሎን እንደላላ የሚነግሩህ፣ ሲናደዱ ፈረንሳይኛ ቀላቅለው የሚሳደቡ። ለእሳቸው ሥራው ውሃ ነው። አሁን አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ሲገቡ የድሮው ባቡር የለም፣ የቆመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሐዲዱ ራሱ ሌላ ነው፣ የድሮው ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። የያዙት መፍቻ አይገጥምም። «በሉ አባባ፣ ዛሬውኑ ያስነሱት» ብትሏቸው ምን ይፈጠራል? ባቡሩ ይቆማል፣ ጭነቱ ይበላሻል፣ ስድቡም ይወርዳል፣ በፈረንሳይኛ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም እኮ! መጀመሪያ አንድ ፉርጎ ብታሳዩዋቸው፣ ነገ ሁለት፣ በሳምንቱ አዲሱንም በድምፁ ያውቁታል።

የቡችላ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደዛ ናቸው። የለመዱትን ነው መፍጨት የሚያውቁት፣ አዲስ ምግብ ሲመጣ አዲሱን የሚችሉት እስኪበዙ ቀን ይፈልጋል፣ ያ ቀን ካልተሰጣቸው ያልተፈጨው ምግብ ውሃ ስቦ ይወርዳል። ተቅማጥ ማለት ያው ነው።

እሺ ዋናው ነገር፣ ቶሎ ልበለው፣ በቡና ስኒ ነው የምለካው፣ በአራት ስኒ አስቡት። የመጣ ቀን ምንም አትቀይሩ፣ ቤቱም አዲስ ሰውም አዲስ ነው፣ ጥቂት ቀን የለመደውን ይብላ። ከዛ 1ኛና 2ኛ ቀን ሦስት ስኒ የድሮው አንድ ስኒ አዲሱ፣ 3ኛና 4ኛ ቀን ሁለት ለሁለት፣ 5ኛና 6ኛ ቀን አንድ የድሮው ሦስት አዲሱ፣ በ7ኛው አዲሱ ብቻ። ሆዱ ስስ ከሆነ 10 ቀን ይሁን፣ ከዛም በላይ ቢሆን የሚያሯሯጣችሁ የለም። ዓይነ ምድሩ ከለሰለሰበት አንድ እርምጃ ተመለሱና ቆዩ። ደረቁን ለብ ባለ ውሃ አርሱት፣ ግን በድሬ ሙቀት የራሰ ምግብ ቶሎ ነው የሚበላሽ፣ 20 ደቂቃ አይታችሁ የተረፈውን አንሱ። አራት ወር እስኪሞላው በቀን ሦስት አራቴ ትንሽ ትንሽ ነው የሚበላው። ንጹህ ውሃ ሁሌ ይኑር። የላም ወተት ይቅርባችሁ፣ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ጨረስን።

አሁን ወደ ኮሜንት። ባለፈው ቪዲዮ ስር ቆጥሬ ሰልችቶኝ የተውኩት አንድ ጥያቄ አለ፣ «ወንድሜ፣ ቡችላ በርበሬና ጥሬ ሥጋ ካልበላ እንዴት ኃይለኛ ይሆናል?» ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም! ይሄን ነገር ማን ነው ያወራው?

ሚጥሚጣ የበላ ቡችላ የሚነጫነጨው ጀግና ሆኖ አይደለም፣ አፉና ሆዱ ተቃጥሎ ነው። አንተም ሚጥሚጣ በባዶ ሆድህ ብትበላና ሰው ቢነካህ ትነክሳለህ። ደግሞ በርበሬው ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ የእኛ ወጥ መጀመሪያው ምንድነው? ሽንኩርት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ ተቁላላም አልተቁላላም፣ ያው ነው። ስለዚህ «ከወጡ ትንሽ ነው የጨለፍኩለት» እንዳትሉኝ።

ጥሬ ሥጋውማ፣ በተለይ ጉበትና ሳንባ፣ እሱ የውሻው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታረደው በግ ወይ በሬ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ልጃችሁ ውሻውን አቅፎ በዛው እጁ ሳምቡሳ ይበላል፣ ከዓመታት በኋላ ያ እብጠት ልጁ ጉበት ላይ ይገኛል። አላስፈራራኋችሁም፣ ቀቅሉት ነው የምለው። በደንብ ቀቅሉት፣ ሽንኩርት የለ ቅመም የለ። የተቀቀለ አጥንት ግን እየተሰነጠረ ስለሚወጋ አይሰጥም።

አንዱ ደግሞ «የሐረር ጅብ በየማታው ጥሬ ሥጋ ሲበላ ምን ሆነ?» ብሎኛል። ወንድሜ፣ ጅብ አጥንት የሚያቀልጥ ጨጓራ ያለው ጅብ ነው። ያንተው ቡችላ ካልሲህን ሰርቆ የሚደበቅ ነው። ደግሞ ጅቡ ጥሬ ሥጋ በልቶ ኃይለኛ ከሆነ ሐረር ላይ ከሰው አፍ በእንጨት የሚቀበለው ማነው?

የኮሜንት ጦርነት የወደደ ሰብስክራይብ ያድርግ፣ እዚህ አያልቅም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ። ምግብ ቀይራችሁ ትንሽ ቢለሰልስበትና እየተጫወተ ቢሆን አትደናገጡ። ግን ደም ከታየበት፣ ካስመለሰው፣ አልበላም ብሎ ከተኛ፣ ያ የምግብ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፣ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አለ፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ነገ አያለሁ እንዳትሉ፣ ትንሽ ሆድ ውሃው ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፣ አንዴ ወግቶ መተው የለም።

ከረጢቱን ደግሞ አፉን ጠቅልላችሁ አስራችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅባቱ ይሻግታል፣ ጉንዳኑም ከቡችላው ቀድሞ ነው የሚያገኘው። የእኔን ሁለቴ አግኝቶታል።

ቆይ... ቦቢ! ቦቢ ስኒውን አስቀምጥ! ሰዓቱ ደርሶ ስኒውን በአፉ ይዞ መጣላችሁ፣ ይሄ የእማማ ስኒ ነው እንዳይሰብርብኝ።