አቧራውን የቻለው ሌላ፣ ሕንፃው ውስጥ የሚማረው ሌላ

ሰላም፣ ሰላም ወዳጆቼ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የቤት ግብር ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ፣ ፕሮፐርቲ ታክስ ማለቴ ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በሐሳቤ ይመላለሳል። እሱን ላውራችሁ።

የምኖረው ካሊፎርኒያ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ የግብሩ ወረቀት ላይ ዋናው ሂሳብ ከላይ ይቀመጥና ከሥሩ ትንንሽ መስመሮች ይደረደራሉ። ይሄ ለትምህርት ቤቶች፣ ይሄ ደግሞ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቦንድ እያለ ይወርዳል። ሌላ ጊዜ ድምሩን አይቼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ዘንድሮ ግን ዓይኔ የኮሌጁ መስመር ላይ ቀረ። ምክንያቱም እኔ ራሴ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልጅ ነኝ። እዚህ አገር የያዝኩት ነገር ሁሉ የጀመረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፣ ይቅር። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ያኔ ግቢው ግንባታ ላይ ነበር። አሮጌው ሕንፃ ታጥሯል፣ የሂሳብ ክፍላችን ደግሞ መኪና ማቆሚያው ላይ ከተደረደሩት ትሬለሮች ወደ አንዱ ተዛውሯል። ወለሉ ስትራመዱበት ባዶ ሣጥን የረገጣችሁ ይመስል ድም ድም ይላል። ሰው አርፍዶ ከገባ ሁላችንም እንሰማለን። ግድግዳው ላይ ያለው ኤሲ ሲበራ የአስተማሪያችን ድምፅ አይሰማም፣ ሲጠፋ ደግሞ ክፍሉ ወዲያው ይግላል። እሳቸው በኋላ መላ አበጁለት። ሲያስረዱ ያጠፉታል፣ ጥያቄ ሰጥተውን ስንሠራ ያበሩታል። አንድ ሙሉ ሴሚስተር እንደዚያ ተማርን። እስካሁን ኤሲ ጠቅ ብሎ ሲበራ እጄ እርሳስ ይፈልጋል።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አቧራው፣ የማሽኑ ጩኸት፣ በየሳምንቱ የሚቀያየረው መተላለፊያ። አንድ ቀን በዚህ ትገባላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በጀርባ ዞራችሁ ነው። ከሥራ በአውቶቡስ ሮጦ ለሚመጣ ሰው ያ ዙር የፈተና አሥር ደቂቃ ማለት ነው። አጥሩ ላይ የሚሠራው ሕንፃ ትልቅ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። መስታወት፣ ዛፍ፣ ቦርሳ ያዘሉ ደስተኛ ልጆች። በየማታው እሱን እያየን እናልፋለን። ሕንፃው ሳያልቅ እኔ ጨርሼ ወጣሁ።

ነገሩን ቆየት ብዬ ሳስበው ገባኝ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ቤት ነው፣ ለሚሠራ ሰው ቢበዛ ሦስት አራት ዓመት። አንድ ትልቅ ሕንፃ ግን ከዕቅዱ እስከ ቁልፉ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ አቧራውን የሚችለው ተማሪ ሌላ ነው፣ ሕንፃው ውስጥ የሚማረው ሌላ ነው። ከፋዩ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚከፍል። አሁን እኔ ሦስተኛው ሰው ሆኛለሁ።

ቦንድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሕዳሴ ግድቡ ነው። ከደመወዛችን ቆርጠን ገዛን፣ ለመንግሥት አበደርን ማለት ነው። የኮሌጁ ቦንድ ላይ የእኛ ቦታ ሌላ ነው። ሕዝቡ በምርጫ እሺ ይላል፣ ኮሌጁን የሚያስተዳድረው ድስትሪክት ቦንዱን ገበያ አውጥቶ ለባለሀብቶች ይሸጣል፣ በገንዘቡ ይገነባል። ዋናውንና ወለዱን የምንመልሰው በቤት ግብር እኛ ነን። አበዳሪው ሌላ፣ ከፋዩ የሠፈሩ ሰው። ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም የምትሉም አትቸኩሉ። ባለቤቱ ግብሩን ከኪራዩ ውጭ ከየት ያመጣዋል?

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ አይሰለቻችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባል ሕግ በሕዝብ ድምፅ አለፈ፣ መሠረታዊው የቤት ግብር ከተመዘገበው ዋጋ 1 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል። ከዚያ በኋላ ለትምህርት ቤት ግንባታ ከአካባቢው ሕዝብ ገንዘብ ማግኘት ዳገት ሆነ። ቦንድ ለማሳለፍ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በ2000 ፕሮፖዚሽን 39 መጣና ለትምህርት ቤቶችና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ወደ 55 በመቶ አወረደው። የግንባታው በር የተከፈተው ያኔ ነው። የሎስ አንጀለሱን ድስትሪክት ብቻ ብታዩ፣ ዘጠኝ ኮሌጆች ነው ያሉት፣ በ2001 1.245 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2003 980 ሚሊዮን፣ በ2008 3.5 ቢሊዮን፣ በ2016 3.3 ቢሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 5.3 ቢሊዮን ዶላር መራጩ ፈቅዷል። ደምሩት፣ ከ14 ቢሊዮን በላይ ነው። በክፍለ ግዛት ደረጃ ደግሞ በ2024 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 2 ለትምህርት ቤት ግንባታ ከፈቀደው 10 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑን ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች መድቧል።

ገንዘቡ ብዙ ነው። ግን ሥራውም ብዙ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ፣ ብዙዎቹ ግቢዎች የተሠሩት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ነው። ቧንቧው አርጅቷል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር ይቀመጣል ተብሎ አልተዘረጋም፣ ለዊልቸር የማይሆን ደረጃ ሞልቷል። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የወጣው በ1990 ነውና ከዚያ በፊት የሠራ ሰው ብዙም አላሰበበትም። ከሁሉ በላይ የመሬት መንቀጥቀጡ አለ። በማርች 10፣ 1933 ሎንግ ቢች ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ የቀረው ነበር፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ብዙ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ፈራርሰው ተገኙ። በትምህርት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ብሎ ያላሰበ ወላጅ አልነበረም። በወሩ የፊልድ ሕግ ወጣ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕንፃ ንድፍ በክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች ይመርመር፣ ግንባታውም ይቆጣጠሩት የሚል። ስለዚህ አንድ ሰው "ሕንፃው ለምን ይሄን ያህል ይፈጃል?" ሲለኝ ግማሹን መልስ ከዚያ ቀን እጀምራለሁ።

ሌላውን ግማሽ ግን መመለስ አልችልም። እዚህ ላይ የአክስቴ ባል ይመጣሉ።

ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ቤታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል፣ ግብሩ ግን አለ። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ወረቀቱን አነሳሁባቸው።

"ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለማላየው ሕንፃ ነው የምከፍለው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔን ያስተማረኝ እኮ የማላውቀው ሰው ግብር ነው" አልኳቸው። እውነቴን ነው። እኔ ለአንድ ዩኒት፣ ለአንድ ክሬዲት ማለቴ ነው፣ የምከፍለው ትንሽ ነበር፣ አሁን እንኳ 46 ዶላር ነው። ቀሪውን የሸፈነው ሌላ ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ ያንን ነው በተግባር ያየሁት።

ጋሼ ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ "መክፈሉን አልጠላሁም። የከፈልነው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አንድም አላየሁ። አንተ ጠይቀሃል?" አሉኝ።

አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት ስከፍል አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ፕሮፖዚሽን 39 ድምፁን ወደ 55 በመቶ ሲያወርድ በምትኩ ግዴታ ጥሏል። የሚሠሩት ፕሮጀክቶች ዝርዝር አስቀድሞ ለመራጩ መቅረብ አለበት። በየዓመቱ ሁለት ኦዲት ይደረጋል፣ አንዱ ገንዘቡን የሚያይ፣ ሌላው ከዝርዝሩ ጋር የሚያመሳክር። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአንድ ቦንድ የሚጣለው ግብር በ100,000 ዶላር የተመዘገበ ዋጋ በዓመት ከ25 ዶላር እንዳይበልጥ ሆኖ ነው የሚታቀደው። ደግሞም ነዋሪዎች የሚቀመጡበት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ የግድ ነው። ቢያንስ ሰባት ሰው፣ ከነዚያ ውስጥ አንድ ተማሪ፣ አንድ ከግብር ከፋዮች ማኅበር፣ አንድ ከአረጋውያን ድርጅት። የኮሌጁ ሠራተኛም ኮንትራክተርም መግባት አይችልም። አበል የለውም። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው፣ ለጋሼም ለእኔም።

ቁጥጥር ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ እንደማይሠራም አይተናል። በ2011 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ቅድም የጠራሁትን የሎስ አንጀለሱን ድስትሪክት ግንባታ መርምሮ ተከታታይ ዘገባ አውጥቷል፣ ስለ ብልሹ አሠራር፣ ተሠርቶ ስለፈረሰ ሥራ፣ ዳር ሳይደርሱ ስለቀሩ የኃይል ማመንጫ ዕቅዶች። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ዓይኑም የሕዝብ መሆን ነበረበት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሕጉ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። የቦንዱ ገንዘብ ለደመወዝ አይሆንም፣ ለአስተማሪም ለአስተዳዳሪም። ለዕለት ተዕለት ወጪም አይሆንም። ግንባታና ዕቃ ብቻ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ የሠላሳ ዓመት ብድር የአንድ ወር ደመወዝ መክፈያ መሆን የለበትም። ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚጠርገው፣ መብራቱን የሚከፍለው፣ የተበላሸውን የሚጠግነው ከሌላ ኪስ ነው፣ ያ ኪስ ደግሞ በጀት በጠበበ ቁጥር ቀድሞ የሚሳሳው ነው።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። በእኔ ጊዜ አብራን የምትማር በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ክፍላችን በቅርቡ በታደሰ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነበር። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ሊፍቱ አዲስ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሊፍቱ ቆመ። በሩ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በሚቀጥለው ሳምንትም አለ። ከዚያም ወረቀቱ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ፕላስተር ተላቆ እዚያው ነው። እሷ ታች መተላለፊያው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ሰሌዳውን በስልኬ አንስቼ እልክላታለሁ። አንድ ማታ፣ "አሮጌው ሕንፃ ሊፍት የለውም፣ ስለዚህ ክፍሉን ያዛውሩልኝ ነበር፣ እዚህ ግን ሊፍት አለ ስለሚባል ማንም አያዛውርልኝም" አለችኝ። ያ ንግግሯ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከጋሼ ጋር ካወራን በኋላ ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ ወደ ኮሌጁ ነዳሁ። ያ አጥሩ ላይ በሥዕል ያየሁት ሕንፃ ቆሟል። እውነት ለመናገር ያምራል። መተላለፊያው ሰፊ ነው፣ በየግድግዳው ሥር መቀመጫና ቻርጀር መሰኪያ አለ። የበሩ እጀታ በክርን ተጭናችሁ የምትከፍቱት ዓይነት ነው፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው። አንዱ ሶፋ ላይ አንድ ልጅ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። አላነቃሁትም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ጋደም የሚባልበት ቦታ መኪና ውስጥ ብቻ ነበር፣ እሱም መኪና ላለው። ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለዚህ ከሆነ የከፈልኩት ይሁን፣ ደስ ይለኛል።

ግን ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ጠፍቷል፣ ምግብ የሚሸጥበትም ቦታ ተዘግቷል። የማታ ክፍል ገና አልተለቀቀም እኮ። የመማር ማገዣው ክፍል በር ላይ የሥራ ሰዓቱን አነበብኩ፣ በቀን ተማሪ ሰዓት የተሰፋ ነው። ያ ተኝቶ የነበረው ልጅ ሲነቃ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ሕንፃውን የሠራው ገንዘብ ደግሞ ያንን ሰው መቅጠር አይችልም።

ስለዚህ ቤት ስገባ የኮሚቴውን የስብሰባ ቀን ፈለግኩ። ድረ ገጹ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ነው ያለው፣ ግን አለ። ያለፉት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ላይ "የሕዝብ አስተያየት" የሚል ርዕስ በየጊዜው ይመጣል። ሥሩ ላይ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ የለም። የለም። የለም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለጋሼ ስደውልላቸው መጀመሪያ፣ "እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?" አሉ፣ ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ስንት ሰዓት ነው የምትወስደኝ?" አሉኝ። ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። ግንባታው እስኪያልቅ ትሬለር ውስጥ ያሉት ተማሪዎች እንዴት ነው የሚማሩት? የማታው ተማሪ አዲሱን ሕንፃ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጠቀምበት? ሊፍቱ ሲቆም በማን በጀት፣ በስንት ቀን ነው የሚጠገነው? ጋሼ የራሳቸውን አራተኛ ጥያቄ ይዣለሁ ብለዋል፣ ምን እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

የሆነውን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።