ጤና አዳም የሚሸተው ለማን ነው?

እንደምን አረፈዳችሁ? ወላጆች፣ መምህራን፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትገቡ በር ላይ አንዳንድ ዘለላ ጤና አዳም ተሰጥቷችኋል። እስኪ አንሱት። መጀመሪያ ሳትነካኩት ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት። ትንሽ ይሸታል፣ አይደል? አሁን አንዷን ቅጠል ብቻ እሹና እንደገና አሽትቱ። ይኸው፣ አዳራሹ ቡና የተፈላበት ቤት መሰለ።

ቅጠሏን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ብታዩዋት በመርፌ የተበሳሳች ይመስል ነጠብጣቦች አሏት። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ስታሿት ከረጢቶቹ ፈነዱ፣ ዘይቱ ተነነ፣ አፍንጫችሁ ጋ ደረሰ። በሶብላና ጦስኝ ደግሞ ዘይታቸውን የሚይዙት ቅጠሉ ላይ በበቀሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ጫፍ ነው፤ ለዚህ ነው በሶብላን ዳሰስ ብቻ አድርጋችሁት እንኳ ሽታው እጃችሁ ላይ የሚቀረው።

ግን ለምን? ተክል ምግቡን ከፀሐይ፣ ከውሃና ከአየር ለፍቶ ነው የሚሠራው። ያንን ለሥሩ ወይም ለፍሬው ማዋል ሲችል ከፊሉን ወስዶ ሽታ ይሠራበታል። መቼም እኛ ቡናችን ውስጥ እንድንነክረው ብሎ አይደለም።

ተክል መሮጥ አይችልም። ፍየል ስትመጣ አይሸሽም፣ ትል ሲወጣበት አያራግፍም። እናቴ ጎመኑ ዳር ጤና አዳም ትተክል ነበር፤ ለምን ስላት “ትል እንዳይደፍረው” ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፣ ነገሩን ግን አውቃዋለች። በጤና አዳም ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው አንዴካኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነፍሳትን ስለሚያባርር ዛሬ በትንኝ መከላከያ ውስጥም ይገባል። ጦስኝ ውስጥ ያለው ቲሞልም ባክቴሪያና ሻጋታ ይገድላል፣ ለአፍ መጉመጥመጫ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሳይቆረጥ እምብዛም አይሸትም። ሁለት ነገሮችን ለየብቻ አስቀምጦ ይጠብቃል፣ ሲነከስ ወይም ሲፈጭ ይገናኛሉ፣ ያ የሚያቃጥል ሽታም ያኔ ይወለዳል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በቆሎ ነው። አባጨጓሬ ቅጠሉን ሲበላው በቆሎው የትሉን ምራቅ ይለያል፣ ከዚያም ዝም ብሎ ሲቀደድ የማያወጣውን ዓይነት ሽታ ወደ አየር ይለቃል። ሽታውን የሚያውቁ ትንንሽ ተርቦች አሉ። ተከትለውት ይመጡና አባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ እጮቹም ከውስጥ ይበሉታል። ተክሉ የጠላቱን ጠላት ጠራ ማለት ነው!

ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ለገበሬ የሚሆን ዘዴ አውጥቶበታል። በቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፣ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን፣ ማለትም አገዳውን የሚቦረቡረውን ትል የምትፈለፍለውን ቢራቢሮ፣ ይገፋታል። ማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆን ሳር ይተከላል፣ እሱ ይስባታል። ዴስሞዲየም በሥሩ በሚለቀው ነገር የበቆሎን ሥር የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራን፣ ጭምር ይከላከላል፣ ሁለቱም ተክሎች ለከብት መኖ ይሆናሉ። እኛም አገር የጀመሩት ገበሬዎች አሉ፣ ብዙ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

የአበባ ሽታ እንኳ ታውቁታላችሁ፣ ንብ መጥሪያ ነው። በሌሊት የሚሸቱት አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ናቸው፣ የሚጠሩት በጨለማ የሚበረውን የእሳት እራት ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልሂድ። ዕጣን።

መተማ፣ ቋራ፣ አበርገሌ የሄዳችሁ ዛፉን ታውቁታላችሁ፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በሙቀቱ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው። ልጡ ሲቆስል ነጭ ሙጫ ያወጣል። ከሙጫው የሚተነው ተንኖ የቀረው ይደርቅና ቁስሉን ይደፍነዋል፣ ነፍሳትና ፈንገስ እንዳይገቡበት። ስለዚህ በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያኑ የምናጨሰው ዛፉ ለራሱ ቁስል የሠራው ፋሻ ነው። ያንን ፋሻ ለማግኘት በበጋው ወራት ልጡን ደጋግመን እንፍቀዋለን። ዛፉ ለፍሬ ያስቀመጠውን ለቁስሉ ያውለዋል። ብዙ የተፋቀ ዛፍ የሚያፈራው ዘርም በደንብ አይበቅልም። የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብትና እሳት ይጨርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በብዙ ቦታ ለአሥርት ዓመታት ወጣት ዛፍ አልተተካም፣ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል።

ዕጣን አታጭሱ አልላችሁም፣ እኔም አጨሳለሁ። የምለው ዛፉ ሳይፋቅ የሚያርፍባቸው ዓመታት ይኑሩት፣ ችግኙ ያለበት ቦታ እስኪጠና ድረስ ከከብትና ከእሳት ይከለል። ዕጣን የምትነግዱ ወላጆች እዚህ አላችሁ። የሚያመጡላችሁን ሰዎች ዛፉን ያሳርፉት እንደሆነ ጠይቁልኝ። ገዢ ሲጠይቅ ነገሩ ይለወጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በሉ፣ ቡናው ደርሷል። ያልታሸውን ጤና አዳም ስኒያችሁ ውስጥ ንከሩት። ያሻችሁበትን እጅ ግን ወደ ፀሐይ ከመውጣታችሁ በፊት ታጠቡ፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ውሃና ሳሙና በሩ ጋ አለ።