የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሲቀጣ

የተከበሩ ሊቀመንበራችን፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እኅት ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሊቀመንበራችን «የዓመቱን ሒሳብ ካቀረብክ በኋላ ስለ ክሬዲት ካርድ አሥር ደቂቃ ንገረን» ሲሉኝ እሺ ያልኩት ዐዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን ተቀጥቼ ስለማውቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዋጮ ካሳለፈ ሰው ላይ ቅጣት ስሰበስብ የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀጥቶ የማያውቅ ማን አለ? እጅ የሚያወጣ አላየሁም። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ካርዷን ያወጣኋት እናቴ ታማ በአስቸኳይ አዲስ አበባ መሄድ ሲኖርብኝ ነው። የቲኬቱን ዕዳ በስምንት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ካርዷም ከድሮ ፓስፖርቴ ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባች። ብዙ ዓመት ተኛች። በኋላ አንድ ወዳጄ «የማትጠቀምበትን ካርድ ባንኩ ይዘጋብሃል፤ የቆየ ካርድ ሲዘጋ ደግሞ ለክሬዲትህ፣ ማለትም ለዕዳ ከፋይነት ስምህ፣ ጥሩ አይደለም» አለኝ። አልዋሸም። እናም አንድ ማለዳ ወደ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ለማንሣት ስሄድ ቤንዚን ቀዳሁባት፤ 18 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ቤት ስገባ ወደ መሳቢያዋ መለስኳት፤ ከዚያ ረሳኋት።

ቢሉ የሚመጣው በኢሜይል ነበር። ኢሜይሉን የከፈተችልኝ ልጄ ናት፤ ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ዛሬ ኮሌጅ ጨርሳለች። የይለፍ ቃሉን እሷም አታስታውሰውም።

የመክፈያው ቀን ባለፈ በ24ኛው ቀን አንድ ቀጭን ነጭ ፖስታ መጣ። ቤንዚኑ 18.40፣ ቅጣቱም 18.40፣ ከላዩ የሳንቲም ወለድ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ ቅጣቱ መክፈል ከነበረብን ዝቅተኛ ክፍያ (የእኔ ያው 18.40 ነበር) እንዳይበልጥ ባይከለክል ኖሮ ቅጣቱ ብቻውን ከቤንዚኑ በበለጠ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ። ያን ዕለት 36 ዶላር ከምናምን ኪሴ ውስጥ ነበረ። አልከፈልኩም። ፖስታውን አጣጥፌ ታክሲዬ ውስጥ ከጸሐይ መከላከያው ሥር ሸጎጥኩት። በኢንተርኔት ልክፈል ብል የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ ተውኩት ስልክ ነው። ልጄን ልጠይቅ ብል አፈርኩ፤ የእድር ገንዘብ ያዥ አባቷ 18 ዶላር ሳይከፍል ቀርቶ! ልደውል ብል ደግሞ፣ ከተሳፋሪ ጋር ስለ ኮንግረስ ስከራከር የማይከዳኝ እንግሊዝኛ ስለ ዕዳ ሲሆን ድራሹ ይጠፋል። «ነገ» እያልኩ 23 ቀን ዞርኩ።

ፖስታውን ያገኘችው ባለቤቴ ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማስታወቂያ ነው።»

«ማስታወቂያ አራት ጊዜ ይታጠፋል?»

ያን ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ባንኩ ጋ አስደወለችኝ። 47ኛው ቀን ነበር። ሁለተኛ ቅጣት ተጨምሮ ዕዳው 75 ዶላር ገደማ ደርሷል። የተለማመድኳት ዓረፍተ ነገር አንዲት ናት፦ «ከዚህ በፊት ዘግይቼ አላውቅም፤ አሁኑኑ እከፍላለሁ፤ ቅጣቱን አንሡልኝ።» የባንኩ ሠራተኛ ትንሽ አስጠበቀችኝና ሁለቱንም ቅጣት አነሣችልኝ። ነገሩ ሁሉ የፈጀው 11 ደቂቃ ነው። ለ11 ደቂቃ 23 ቀን ፈራሁ!

ጉዳቴ ግን ቅጣቱ አልነበረም። ባንክ ዘገየ ብሎ ለሦስቱ የክሬዲት መዝገብ ያዥ ድርጅቶች፣ ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ የሚያስታውቀው መዘግየቱ 30 ቀን ከሞላው ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ በእናንተና በባንኩ መካከል ይቀራል፤ ትከፍላላችሁ፣ ምናልባት ቅጣት ትቀምሳላችሁ፣ አለቀ። 30 ቀን ካለፈ ግን መዝገብ ላይ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። እኔ ፖስታውን ያየሁት በ24ኛው ቀን ነው። ስድስት ቀን ነበረኝ!

781 የነበረው የክሬዲት ስኮሬ፣ አበዳሪ የሚያየው ነጥቤ፣ 694 ገባ። ቤት ልንገዛ ስንሯሯጥ አበዳሪው «ስለዚች 18 ዶላር ማብራሪያ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ቤንዚን!

ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም። እቁባችን ውስጥ አንድ ሰው ቢዘገይ ዳኛው በዚያው ማታ ይደውላል፤ ካልተነሣ በር ያንኳኳል፤ ታሞ ከሆነ ብርቱካን ይዞ ይገባል። እነዚህ ባንኮች ግን አዲስ ካርድ ውሰድ እያሉ በሳምንት ሦስት ፖስታ ሲልኩልኝ ኖረው «ወንድሜ፣ 18 ዶላር ረስተሃል» የምትል አንዲት ስልክ አጡ? ለ18 ዶላር ሰባት ዓመት? ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ንስሐ ገብቶ ይፈታል!

የምናደደው ግን በእነሱ ብቻ አይደለም። ይህን ታሪክ ቡና ላይ ባወራሁ ቁጥር አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ይጎትተኝና «እኔም አለብኝ» ይለኛል። በሹክሹክታ! ለቅሶ ሲሆን በሌሊት የምንደዋወል ሰዎች ለ20 ዶላር እንደባበቃለን?

በዚህ ሹክሹክታ የሚበሉም አሉ፤ በገዛ ቋንቋችን «ክሬዲት እናጸዳለን» እያሉ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቁ። ሥራውን ሳይሠሩ ማስከፈል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞም እውነተኛ መዘግየትን በግድ የሚያስፍቅ ሰው የለም። በስሕተት የተመዘገበ ከሆነ ራሳችሁ በነጻ ተቃውሞ ታቀርባላችሁ። እውነት ከሆነ መዘግየቱን ከመዝገብ እንዲያነሣ የምሕረት ደብዳቤ ለባንኩ መጻፍ ነው፤ የመስማት ግዴታ ባይኖርበትም። የእኔን ሁለት ጊዜ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ሰማኝ።

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ወጡ ሸተተኝ። መሳቢያ ውስጥ ያለችው ካርድ ላይ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በራሱ እንዲከፈል አድርጉ። ስልካችሁን ስትቀይሩ ለባንኩም ንገሩ። ከከፈላችሁ በኋላ የሚቀጥለውን ወር ቢል ተመልከቱ፤ የተረፈች የሳንቲም ወለድ ትመጣለች። ተናዳችሁ ካርዱን አትዝጉት። ከሦስቱም መዝገብ ሪፖርታችሁን በየሳምንቱ በነጻ ማየት ትችላላችሁ።

የደብዳቤዬን ቅጂ፣ የሒሳብ ቁጥሬን አጥፍቼ፣ ቡናው ጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ገና 30 ቀን ያልሞላው ሰው ካለ ግን ምሳውን ያቆየውና መጀመሪያ ይደውል። እሑድም ብዙዎቹ ባንኮች ያነሣሉ፤ እንግሊዝኛው ከጠፋበት እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።