ልጁ ሜዳ ከመግባቱ በፊት እኛ መጽሐፍ እንክፈት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አሜሪካ ፉትቦል መጻሕፍት እንዳወራ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እሑድ እሑድ ከቴሌቪዥኑ ፊት የማይነሳ ሰው አለ። የዋሽንግተንን ተጫዋቾች አንድ በአንድ በስም ይጠራል። «ይሄ ደግሞ ምኑ ኳስ ነው? አምስት ሰከንድ ሮጠው ግማሽ ደቂቃ ይቆማሉ» የሚልም አለ። የማወራው ለሁለታችሁም ነው።

ልጆቻችን እዚህ ሃይስኩል ሲገቡ የፉትቦል ቡድን አለ። አንድ ቀን ልጁ ፎርም ይዞ ይመጣና «እማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ይላል። ያን ቀን ምን ላይ እየፈረምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ይህን ደግሞ ከቴሌቪዥን ብቻ አናገኘውም። ቴሌቪዥን ኳሷን ይከተላል። ከጨዋታው ጀርባ ያለውን ከተማ፣ ገንዘቡን፣ የልጁን ጉልበትና አንጎል የሚያሳዩን መጻሕፍቱ ናቸው።

ሕጉን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ከቻለ እንደገና አራት ያገኛል። ካልቻለ ኳሷ ለተጋጣሚው ትሄዳለች። ይህን ከያዛችሁ ለንባብ ይበቃችኋል። ታክቲኩን ጠለቅ ብሎ ማየት ለሚፈልግ የፓት ከርዋን «ቴክ ዩር አይ ኦፍ ዘ ቦል» አለ። ዓይናችንን ከኳሷ ላይ አንስተን ሌሎቹ ተጫዋቾች የሚሠሩትን እንድናይ ያስተምራል። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልሰጥም።

ለጀማሪ የምሰጠው የበዝ ቢሲንገርን «ፍራይደይ ናይት ላይትስ» ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቢሲንገር ፊላደልፊያ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበር። በ1988 ሥራውን ትቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ፣ ምዕራብ ቴክሳስ ወዳለችው ኦዴሳ ሄደ። ኦዴሳ የነዳጅ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ ነበር። ለከተማዋ የቀረላት ኩራት የፐርሚያን ሃይስኩል ፉትቦል ቡድን ነው።

ልብ በሉ፣ የሃይስኩል ቡድን ነው። ስታዲየሙ ግን ወደ 20,000 ሰው ይይዛል። ሩቅ ጨዋታ ሲኖር ቡድኑ በኮንትራት አውሮፕላን ይጓዛል። በዚያው ትምህርት ቤት ለስፖርተኞች የሕክምና ቁሳቁስ የሚወጣው ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የማስተማሪያ ዕቃ ከሚወጣው ይበልጣል። ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ። በዚያ ዓመት ሦስት ቡድኖች በውጤት እኩል ሆኑ፤ ማለፍ የሚችሉት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የሚያልፉት በሳንቲም ዕጣ ተለዩ። ሳንቲሙ ሲወረወር በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ላይ የተጫነውን ሸክም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ገጽ አላነበብኩም።

አንጀቴን የበላው ግን የቡቢ ማይልስ ታሪክ ነው። ቡቢ ኳሷን ይዞ የሚሮጥ ጥቁር ወጣት ነው። ያሳደገው አጎቱ ነው። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይፈልጉት ነበር። የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር በአንድ የልምምድ ግጥሚያ ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። በቃ። ሲያወድሱት የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩበት። አንዳንዶቹ ስለ እሱ የተናገሩት የዘረኝነት ቃል መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ሰፍሯል። ለከተማው ሲሮጥ ሳለ ትምህርቱን ጉዳዬ ያለ ሰው እምብዛም አልነበረም። እግሩ ሲከዳው የሚይዘው ነገር አጣ። እናንተ ወላጆች ይህን ምዕራፍ ስታነቡ የማንን ልጅ እንደምታስቡ አውቃለሁ።

መጽሐፉ በ1990 ሲወጣ ኦዴሳ ተቆጣች። ደራሲው ዛቻ ስለደረሰበት ወደ ከተማዋ ሊሄድ የያዘውን ቀጠሮ ሰረዘ። በኋላ ፊልምም የቴሌቪዥን ድራማም ሆኗል። እነሱን ያየ ሰው መጽሐፉን አንብቤዋለሁ እንዳይል። መጽሐፉ ይመርራል፤ ደግሞም የበለጠ እውነት አለው።

ቀለል ያለ ነገር ለምትፈልጉ ሁለት መጻሕፍት ልጠቁም። ጆርጅ ፕሊምፕተን የተባለ ጋዜጠኛ በ1963 ከዲትሮይት ላየንስ ጋር ልምምድ ገባ። ምንም ሳያውቅ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ ሆኖ ተሰለፈ፤ ቡድኑንም ወደ ኋላ መለሰው። «ፔፐር ላየን» ያንን ይተርካል። የማታውቁትን ነገር ከማያውቅ ሰው ጋር አብራችሁ ትማራላችሁ። ሁለተኛው የግሪን ቤይ ፓከርሱ ጄሪ ክሬመር ከዲክ ሻፕ ጋር ያዘጋጀው «ኢንስታንት ሪፕሌይ» ነው። የ1967 የውድድር ዘመን የዕለት ማስታወሻ ነው። አሠልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ ተጫዋቾቹን ሲያስጨንቅም ሲያስለቅስም ታዩታላችሁ።

ወደ ከተማችን እንመለስ። የማይክል ሉዊስ «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የሚጀምረው እዚሁ ዋሽንግተን፣ አርኤፍኬ ስታዲየም ነው። ቀኑ ኖቬምበር 18፣ 1985 ነው። የኒው ዮርክ ቡድን የጃይንትሱ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ይዞ ጣለው። የታይስማን እግር ተሰበረ፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ተጫውቶ አያውቅም። ሉዊስ ከዚህ ይነሳል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ሊወረውር ሲዞር በግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም። ያንን ጎን የሚጠብቀው ሌፍት ታክል የሚባለው ግዙፍ ሰው ነው። ድሮ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ብዙ ገንዘብ ከሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱ ነው። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ግሩም ነው።

ሌላው ክፍል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሜምፊስ በድህነት ያደገውንና አንድ ሀብታም ነጭ ቤተሰብ ያስጠጋውን ማይክል ኦኸርን ይተርካል። በ2009 በወጣው ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኦኸር ራሱ ግን ፊልሙ ጨዋታ የማይገባው ሰው አድርጎ ስላሳየው ቅር ተሰኝቷል። በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤት ሄደ። ልጃችን ነህ ያሉኝ ሰዎች በማደጎ አልወሰዱኝም፣ በሕግ የያዙኝ በሞግዚትነት ነው አለ። ቤተሰቡ በደል አልፈጸምንም ብሎ ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ሞግዚትነቱን አቋረጠ። ስለዚህ የሉዊስን መጽሐፍ ለጨዋታው አንብቡ። የልጁን ሕይወት ለማወቅ ደግሞ ልጁ ራሱ የጻፈውን «አይ ቢት ዘ ኦድስ»ን ጨምሩበት።

ታሪክ ለምትወዱ የሳሊ ጄንኪንስ «ዘ ሪል ኦል አሜሪካንስ» አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ካርላይል የሚባል የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት በ1879 ተከፈተ። ልጆቹ ፀጉራቸው ተቆረጠ፤ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። እነዚያው ልጆች በፉትቦል አገሩን አስደነቁ። በ1912 የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤቱን የዌስት ፖይንትን ቡድን 27 ለ 6 አሸነፉ። ለካርላይል የተጫወተው ጂም ቶርፕ በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ አግኝቷል። ከተሸናፊዎቹ አንዱ በኋላ ፕሬዝዳንት የሆነው አይዘንሃወር ነው። ይህን ያነበበ ሰው የዋሽንግተን ቡድን እስከ 2020 ድረስ ነባሩን ሕዝብ የሚሰድብ ስም ይዞ መቆየቱ ያንገበግበዋል።

አሁን ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ መጽሐፍ ጋ ደረስኩ። በ2013 የወጣው «ሊግ ኦቭ ዲናያል» ነው። የጻፉት ሁለት ወንድማማቾች፣ ማርክ ፋይናሩ ዋዳና ስቲቭ ፋይናሩ ናቸው። መጽሐፉ የሚነሳው ከፒትስበርጉ ማይክ ዌብስተር ነው። ዌብስተር የፕሮፌሽናሉን ሊግ፣ የኤንኤፍኤልን፣ የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን አራት ጊዜ አሸንፏል። 17 ዓመት ተጫወተ። ጡረታ ከወጣ በኋላ አእምሮው ተናወጠ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ።

አስከሬኑን የመረመረው ቤነት ኦማሉ የተባለ የናይጄሪያ ተወላጅ ሐኪም ነው። ስለ ፉትቦል ብዙም አያውቅም ነበር። የዌብስተርን አንጎል በማይክሮስኮፕ አየና በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን፣ ዛሬ ሲቲኢ የሚባለውን በሽታ አገኘ። በ2005 ግኝቱን በሕክምና መጽሔት አሳተመ። የሊጉ የሕክምና ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም፣ ብቻውን፣ ከአሜሪካ ትልቁ የስፖርት ድርጅት ጋር ተፋጠጠ። ስደተኛ ሆኖ በሙያው ያልታመነ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ይህ ታሪክ ይገባዋል። ሊጉ በፉትቦልና በበሽታው መካከል ግንኙነት እንዳለ በአንድ ከፍተኛ ኃላፊው አፍ ያመነው በ2016 ነው።

በ2017 ደግሞ የቦስተን ተመራማሪዎች በሊጉ የተጫወቱ የ111 ሰዎችን አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ በሽታውን አገኙ። እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉ ልናገር። አንጎላቸውን የለገሱት በአብዛኛው ምልክት የታየባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ የተጫወተ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ችላ የሚባል ቁጥርም አይደለም። ጉዳቱ ከከባዱ ምት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በየልምምዱ የሚደጋገመው ትንሽ ትንሹ ምት ይጠራቀማል። ልጁ «አላመመኝም እኮ» ቢል እንኳ ልትጠይቁ የሚገባው ለዚህ ነው።

ልጆቻችሁን ከልክሉ አላልኩም። ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ። ግን አሠልጣኙን ጠይቁት። በሳምንት ስንት ቀን ሙሉ ግጭት ያለው ልምምድ አለ? ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ ማን ይመረምረዋል? ወደ ሜዳ የሚመልሰውስ ማን ነው? አሠልጣኙ በቀጥታ ካልመለሰላችሁ አትፈርሙ። ግጭት የሌለው ፍላግ ፉትቦልም አለ፤ በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ ይገባል።

መጻሕፍቱን ለመግዛት አትቸገሩ። በየካውንቲው ላይብረሪ በነጻ ትዋሳላችሁ። መደርደሪያ ላይ ካጣችሁ አስመጡልኝ በሉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ልጆቻችሁ እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። ልጁ የቡቢን ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እናንተ በአማርኛ ጠይቁት። በሚቀጥለው ስብሰባ በ«ፍራይደይ ናይት ላይትስ» እንጀምር ብያለሁ። እስከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አንብባችሁ ኑ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ። ወጣቶቹ ይጀምሩ።