ያልተለቀሰላቸው ልጆች

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአዘዞና ከደባርቅ ሌሊት ተነሥታችሁ ለደረሳችሁ፣ እግዜር ይስጥልን።

ከቀይ ሽብር ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ነው። ወጣቶቹ «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» አሉ፤ መልሱ ጥይት ሆነ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባበረ። ከዚያ በኋላ ጎንደር በደርግ አስተዳዳሪዋ በመላኩ ተፈራ ዘመን ያየችውን ለእናንተ አልነግራችሁም።

እኔ የማነሣው ከግድያው በኋላ የመጣውን ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል። ለእነዚያ ልጆች ይህ ሁሉ ተከለከለ። ማልቀስ ራሱ ወንጀል ሆነ። እናቶች ማድ ቤት ገብተው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ሰው ድንገት ሲገባ «ጭሱ ነው» ይላሉ። የገደለውን ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። አስከሬን ያላገኙት ደግሞ እስከ ዛሬ ቁርጣቸውን አላወቁም፤ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ዓይናቸው በር ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱንና ሹማምንቱን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏል። ደግ አደረገ። የታፈነውን ለቅሶ ግን ፍርድ አያወጣውም።

ዝምታው ደግሞ ወደ ልጆች ተላልፏል። ሣጥን ሥር የተደበቀ ፎቶ አግኝታችሁ «ይሄ ማነው?» ስትሉ የተቆጧችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? «ያለፈውን ለምን ትቆሰቁሳላችሁ» የሚሉን ክፉ አስበው አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። ቁስሉ አልዳነም፤ ተሸፍኖ ነው የቆየው።

ሐውልት ይሠራ የምትሉ፣ ይሠራ። ግን ሐውልቱ ዓመት ሁለት ዓመት ቢዘገይ ምንም አይሆንም፤ እናቶቻችን ግን እያለፉብን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ቅድሚያው ምስክርነት ይሁን። በስልካችሁም ቢሆን ድምፃቸውን ቅዱ። የልጃቸውን አሟሟት ብቻ አትጠይቋቸው። አሳሳቁን፣ የሚወደውን ወጥ፣ እናቱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር ጠይቁ። ቶሎ አታቋርጧቸው።

አሁን ከሻይ በፊት ስም እንጠራለን። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ ዝም በሉ የሚል የለም። ከፊት ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር። ማይኩን ስጧቸው።