በሩን በድንጋይ አስደግፈውት አገኘሁ

እንደምን አመሻችሁ! አጥር፣ መቀርቀሪያ፣ ፍተሻ... እንቅልፍ የሚያመጣ ርዕስ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤታችሁ መዋኛ ገንዳ ካለ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ሥራዬ የቤት መዋኛ ገንዳ አጥር መፈተሽ ነው። ባለቤቶቹ ቶሎ ብለው አጥሩን ያሳዩኛል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነማ በኩራት ነው። እኔ ግን በቀጥታ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ማጠፊያው ይዝጋል፣ ስፕሪንጉ ይላላል፣ ምሰሶው ትንሽ ዘንበል ሲል ደግሞ መቀርቀሪያው ማረፊያውን ይስታል። እስቲ በሩን በሰፊው ክፈቱና ልቀቁት። ቀጥሎ ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ክፈቱና ልቀቁት። ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳይነካው ተዘግቶ መቀርቀር አለበት። ብዙው በር ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፣ ከቅርብ ሲለቀቅ ጉልበት ስለሌለው። ደግሞም በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ይሁን፤ ሕፃን ከውጭ ሲገፋው ይዘጋል እንጂ አይከፈትም።

ልኩ እንደየአገሩ ይለያያል። በአውስትራሊያ አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ቁመት ያስፈልገዋል፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። በአንዷ የአውስትራሊያ ግዛት በኒው ሳውዝ ዌልስ ፍተሻውን ያለፈ ሰው የሚያገኘው ሰርተፍኬት ለ3 ዓመት ያገለግላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ባለቤቱ አጥር፣ መሸፈኛ፣ አላርም ወይም ሙሉ መጠለያ መምረጥ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አጥር ነው። መሸፈኛው ከእያንዳንዱ ዋና በኋላ መልሶ የሚዘረጋው ሰው ይፈልጋል፣ ብዙው አላርም ደግሞ የሚጮኸው ልጁ ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አንድ ቤት ፈትሼ፣ አልፏል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሜትሬን እንደረሳሁ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ሰዓት እንኳን አልሞላም፤ በሩ በድንጋይ ተደግፎ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አጥሩ ጥግ ደግሞ ወንበር ተደርድሯል። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ዕቃ እያመላለሱ ነው። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አሉኝ፣ ትንሽ አፍረው። ሰርተፍኬቱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰዎቹ ግድየለሾች አልነበሩም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለት እጄ ዕቃ ይዞ በር ሲዘጋብኝ ያናድደኛል። ግን ወንበር ካለ 1.2 ሜትሩ ምን ይሠራል? ልጅ ይወጣበታላ!

«ብንሰማው እንደርሳለን» የሚሉም አሉ። ትንሽ ልጅ ሲሰምጥ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም። ቤት ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙት ነገር ላይኖር ይችላል።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የበር ማጠፊያ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ ደህና፣ አንዱ የላላ። በዓይን ብቻ መለየት የሚችል ካለ እናያለን። ኑና ሞክሩት፣ ጥያቄያችሁንም እዛው እመልሳለሁ።