«እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»፦ ከእንጦጦ ዳገት እስከ ጄኔቫ

[ምስል፦ የእንጦጦ መንገድ፣ ማለዳ፤ ጉም በባሕር ዛፉ መሃል ሲያልፍ]

ከሽሮ ሜዳ ተነሥታችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ሁለት ጉልላቶች ብቅ ይላሉ። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የከዋክብት መመልከቻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ በየጉልላቱ ሥር የ1 ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ይዟል።

ከመንገዱ ዳር፣ በላስቲክ ጥላ ሥር፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡ እናት አሉ። ድንቼን ይዤ ጉልላቶቹን ሳይ አስተዋሉኝና፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ዝናቡን ያርቃሉ የሚሉ አሉ» አሉኝ።

ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ወንድማቸው ከጋራው ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ ገብስ ያርሳሉ። ዝናብ ሲዘገይ የሚጎዳ ሰው፣ በአናቱ ላይ የተሠራው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ መብቱ ነው።

«እማማ፣ ቴሌስኮፕ ማለት ትልቅ ዓይን ነው» አልኳቸው። «ከሰማይ የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ይህን የነገረን የለም» አሉ።

የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ትልቅ የምርምር ተቋም ለጎረቤቱ እንዴት ይናገራል?

[ምስል፦ የዓለም ካርታ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ የሚሄድ መስመር]

እንዲህ ያለው ፍርሃት የእኛ አገር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ወደ ሰርን ልውሰደው። ሰርን በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። በአማካይ 100 ሜትር ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለው። በዋሻው ውስጥ ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የሚባለው ማጋጫ አለ፤ ፕሮቶን የሚባሉትን የአቶም እምብርት ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ እርስ በርስ ያጋጫል። ይህ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ጳጉሜ 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስናማርጥ፣ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ «ማሽኑ ጥቁር ጉድጓድ ፈጥሮ ምድርን ይውጣል» ብለው የሰጉ ሰዎች ነበሩ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ የወሰዱም ነበሩ። ደግሞ እኮ በዚያ ቀን ግጭት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፕሮቶኖቹ ጨረር ቀለበቱን መዞር መቻሉ ነበር የሚፈተሸው።

ሰርን «እኛ ባለሙያዎቹ እናውቃለን፣ አትፍሩ» ብሎ በሩን መዝጋት ይችል ነበር። አልዘጋም። የፊዚክስ ሊቃውንት ጥያቄውን በቁም ነገር አጥንተው ሰነዱን ለማንም ይፋ አደረጉ። ፍሬ ነገሩም በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው፦ ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች፣ ማጋጫው ከሚደርስበት በሚበልጥ ጉልበት፣ ምድርንና ጨረቃን ለቢሊዮን ዓመታት ሲመቱ ኖረዋል፤ ምድርም ጨረቃም በቦታቸው አሉ። ይህን መልስ የምወደው ሰሚው ራሱ ሊያመዛዝነው የሚችል ነገር በእጁ ስለሚሰጠው ነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ማጋጫው ተበላሸ። በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተቃጥሎ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም ብዙ ቶን ያህሉ ዋሻው ውስጥ ፈሰሰ። ዓለም ሁሉ ዓይኑን በጣለበት ሰሞን! መግለጫው በማግስቱ ወጣ፤ ቆይቶም ምን እንደተሰበረና ለምን እንደተሰበረ የሚናገሩ ዘገባዎች ተከተሉ። መሣሪያው እንደገና የተነሣው ኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው።

[ምስል፦ እንጦጦ ማርያም፤ ከቅዳሴ የሚወጣ ሕዝብ]

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ ቋንቋው። ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ሰርን የሂግስ ቦዞን የሚመስል አዲስ ቅንጣት መገኘቱን አስታወቀ። ሂግስ ቦዞን፣ በሁሉም ቦታ ያለና ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚሰጥ የማይታይ «የሂግስ መስክ» መኖሩን የሚያሳይ ቅንጣት ነው። መገናኛ ብዙኃን ግን «የእግዚአብሔር ቅንጣት» የሚለውን ቅጽል ይዘው ሮጡ። ቅንጣቱ የተሰየመላቸው ፒተር ሂግስ ራሳቸው ይህን ስም አይወዱትም ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እንጦጦ ማርያም ደጅ ላይ ቆማችሁ ይህን ስም ብትጠሩ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ፊዚክስ አይሆንም። ስለዚህ ያ ስም ባይነሣ ይሻላል።

ታዲያ እንዴት ይነገራል? በ1993 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሳይንስ ሚኒስትር የነበሩት ዊልያም ዋልድግሬቭ ፊዚሲስቶችን «ሂግስ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ አስረዱኝ» ብለው ነበር፤ ሽልማቱ ሻምፓኝ። ካሸነፉት አንዱ ዴቪድ ሚለር፣ ታዋቂ ፖለቲከኛ ግብዣ አዳራሽ ስትገባ ሰው እየከበባት መራመድ ሲያቅታት አሳየ። እኔ ወደ እኛ ሰፈር ላምጣው።

ቅዳሴ ወጥቷል። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ አንዷ እናት ትሳለማለች፤ ቀጥሎ ሌላው ነጠላውን አስተካክሎ ይጎነበሳል፤ ከኋላም ሕፃን ያቀፈች ትመጣለች። ያው መንገድ ላይ ማንም ልብ ያላለው ልጅ በሕዝቡ መሃል ሾልኮ በሩ ላይ ደርሷል። ሕዝቡ የሂግስ መስክ ነው። ካህኑ ከመስኩ ጋር ብዙ የሚገናኝ ከባድ ቅንጣት ናቸው። ልጁ ደግሞ ብርሃን ነው፤ መጠነ ቁስ የለውም።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታም አለ፤ አብሮ መነገር አለበት። ሕዝቡ ካህኑን ያዘገያቸዋል፣ የሂግስ መስክ ግን የሚሮጠውን ቅንጣት እንደ ጭቃ አይጎትትም። የሚሰጠው መጠነ ቁስን ነው፤ ማለትም የቆመ ነገር ለመነሣት፣ የሚሄድም ለመቆም የሚያሳየውን እምቢታ። ይህን ሳይናገር ምሳሌውን ብቻ ትቶ የሚሄድ አስረጂ ለሰሚው ስሕተት አስታቅፎት ሄደ ማለት ነው።

ስለ አስረጂዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርን ውስጥ ጎብኚን የሚያዞሩት እዚያው የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ ፊዚሲስቶችና ተማሪዎች ናቸው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከላቸውም መግቢያው በነፃ ነው። ነገሩ ከሥሩ የመጣ ነው፦ በ1953 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የምሥረታ ስምምነት፣ ተቋሙ ወታደራዊ ሥራ እንደማይሠራና ውጤቱን ለሁሉም ይፋ እንደሚያደርግ ይደነግጋል።

[ምስል፦ በላስቲኩ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ግልጽ ሣጥን]

ወደ እማማ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ባዶ እጄን አልሄድኩም። እንደ ዓሣ ማኖሪያ ያለ የመስታወት ሣጥን። ከላይ በአይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ ወፍራም ጨርቅ፣ ከታች ጥቁር የብረት ሳህን፣ ከሳህኑ ሥር ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ በረዶ። በረዶው ቆዳ ያቃጥላል፤ ወፍራም ጓንትና አየር የሚገባበት ቦታ የግድ ነው። የደመና ሣጥን ይባላል፤ ቅንጣት ሲያልፍበት የአልኮሉ ተን በዱካው ላይ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይረጋል፣ ዱካውም ይታያል። የዚህን ሣጥን አባት የፈለሰፈው ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ዊልሰን ነው። እሱም በ1894 እ.ኤ.አ. ቤን ኔቪስ ተራራ ላይ ካለ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ሆኖ ደመና ላይ ብርሃን ሲጫወት አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። በጉማም ተራራ አናት ላይ፣ እንደ እኛው።

የእማማ የልጅ ልጅ የስልኳን መብራት ከጎን ያዘች። አሥር ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ከሳህኑ በላይ ስስ ጉም ረጋ።

«ክር!» አለች።

ቀጭን ነጭ ክር ጉሙን ሰንጥቆ አለፈና ጠፋ። ሌላ መጣ። ቀጥ ያለው ቀጭኑ ሙዮን ነው፤ ከጠፈር የመጣ ቅንጣት ከላይ አየር ሲመታ የተወለደ። አጭርና ወፍራሙ አልፋ የሚባለው ከባድ ቅንጣት፤ የሚንቀዋለለው ቀላሉ ኤሌክትሮን። በባሕር ወለል ላይ ሙዮን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋል። እንጦጦ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ይበዛል።

«በእኔም ያልፋል?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ አሁንም።»

«ጉሙን ሲያረጋው አየሁ። እንግዲያው ዝናቡን የሚነካው ይኼ ይሆን?»

አይደለም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሰርን ውስጥ ክላውድ የሚባል ሙከራ አለ፤ በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ አየር አዘጋጅተው፣ የቅንጣት ጨረር እየለቀቁ፣ የጠፈር ጨረር በደመና ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚመረምሩበት። የጠየቁት የእሳቸውኑ ጥያቄ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን አገኙ?»

«ቅንጣቶቹ የደመና ዘር የሚሆኑ ጥቃቅን ነገሮች እንዲፈጠሩ ያግዛሉ። ነገር ግን የቅንጣቶቹ መብዛትና ማነስ የዛሬውን የአየር ንብረት የሚለውጥ ያህል አይደለም።»

እማማ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ስልኩን ከልጅቷ ተቀበሉ። የሱሉልታው ወንድማቸው ጋ ደወሉ፤ «ቆይ፣ የሚያስረዳህ ሰው አለ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።